ኮርኒሳችን ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይሮጣል፤ ሕፃን ልጅ አለችኝ፣ መርዝ ማስቀመጥ ፈራሁ (ሀዋሳ)

የሕፃኗ እናት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሀዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው፣ ተከራይተን። ቤቱ ጭቃ ቤት ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ መብራት ካጠፋን ትንሽ ቆይቶ ከበላያችን ሩጫ ይጀመራል። መጀመሪያ ወፍ መስሎኝ ነበር። ትናንት ግን የሽሮዬ ፌስታል ጥጉ ተበልቶ ሽሮው መደርደሪያው ላይ ፈሶ አገኘሁት፤ አጠገቡ ጥቁር ጥቁር ኩስ አለ፣ ከሩዝ ፍሬ የሚረዝም፣ ሁለቱም ጫፉ የሾለ።

ልጄ ሰባት ወሯ ነው። መዳህ ጀምራለች፣ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ትከታለች። ባለቤቴ መንገድ ላይ ከሚያዞሩት ልጆች የአይጥ መርዝ ገዝቶ መጣ፤ በትንሽ ፌስታል የተቋጠረ ጥቁር ዱቄት ነው፣ ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው። እኔ አይቀመጥም አልኩ፣ እሱ ደግሞ ልጅቷን አይጥ ቢነክሳትስ አለኝ። እሱም እውነት አለው። አከራያችን ድመት አምጪ አሉኝ። እናንተ ቤት ሲያጋጥማችሁ ምን አደረጋችሁ? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ነርስ ከመናኸሪያ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡15

እህቴ፣ እሱን ዱቄት እንዳታስቀምጪው። ሕጋዊ መርዝ ስሙ፣ መጠኑ፣ ማርከሻው እሽጉ ላይ ተጽፎ ነው የሚሸጠው። በፌስታል የተቋጠረው ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ የሸጠው ልጅም አያውቅም። ጥቁር ወይም ግራጫ ዱቄት ከሆነ ብዙ ጊዜ ዚንክ ፎስፋይድ ነው። ሆድ ውስጥ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይሆናል፣ ማርከሻ የለውም። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል ይባላል፤ ለማረጋገጥ ብለሽ ግን እንዳታሸቺው።

በጓንት ወይም በፌስታል ይዘሽ ክዳን ባለው ጠርሙስ ክተቺውና ከፍ ያለ ቦታ ቆልፊበት። ቆሻሻ ላይ አትጣይው፣ ሽንት ቤትም አትጨምሪው። የግብርና ጽሕፈት ቤት ሰው የት እንደሚወገድ ጠይቂ።

ይህን የምታነቡ እናቶችም ስሙኝ። ልጅ የአይጥ መርዝ ቀመሰ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለማስታወክ ጉሮሮው ውስጥ ጣት አትክተቱ። ወተት እናጠጣው እያላችሁም ጊዜ አትፍጁ። የመርዙን ማሸጊያ ወይም የተረፈውን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት መርዝ ምልክቱ ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ ልጁ ደህና ይመስላል ብላችሁ እንዳትተዉት። ለዚያኛው ቫይታሚን ኬ አለ፣ በጊዜ ከተደረሰ ይድናል። እኔ ተረኛ ሆኜ ያየሁትን እዚህ መጻፍ አልችልም። እባካችሁ።

ታቦር ስር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡50

ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ እኔም ቤት አጋጥሞኝ ስለነበር ነው የምጽፈው። መጀመሪያ የትኛው አይጥ እንደሆነ እንለይ፣ ምክንያቱም አያያዛቸው ይለያያል።

ትንሿ የቤት አይጥ ኩሷ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከጥቁር አዝሙድ ትንሽ ረዘም የሚል። አንቺ የነገርሽን ከሩዝ ፍሬ የሚረዝምና ጫፉ የሾለ ከሆነ ጥቁሩ አይጥ ነው፣ በሳይንስ ስሙ ራቱስ ራቱስ፤ ኩሱ 12 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ጅራቱ ከሰውነቱ ይረዝማል፣ ሲወጣ ሲወርድ አይታክተውም፣ ጣሪያና ኮርኒስ ነው የሚወደው። ሌላው ትልቁ ቡናማ አይጥ ነው፣ እሱ መሬት ቆፍሮ በቦይና በቱቦ ነው የሚኖረው፤ ኩሱ እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ ጫፉም ድፍን ነው። ስለዚህ ያንቺ ከላይ ነው የሚመጣው። ወለል ወለሉን ብቻ አትፈልጊ።

ኩሱ ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ከሆነ የዛሬ ወይም የትናንት ነው። ደርቆ ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ የቆየ ነው። በግድግዳውና በኮርኒሱ መገናኛ ላይ ጠቆር ያለ የቅባት መስመር ካየሽ ያ መንገዱ ነው፣ በየሌሊቱ በአንድ መስመር ስለሚሄድ የፀጉሩ ቅባት ይጣበቃል። ነገ ማታ መደርደሪያው ላይና ከግድግዳው ሥር ስስ አድርገሽ ዱቄት ነስንሺ። ጠዋት እግሩና ጅራቱ የሄደበትን ያሳይሻል።

ቶሎ መጀመርሽ ጥሩ ነው። እርግዝናዋ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው፣ በአንዴ ከአምስት እስከ ስምንት ትወልዳለች፣ ልጆቿም በሦስት ወር አካባቢ ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ።

እህል ነጋዴ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡20

እኔ ቀላሉን ልንገርሽ። እኛ መጋዘን የነቀዝ ክኒን ነው የምንጠቀመው። ሁለት ፍሬ ቀዳዳው ውስጥ ጥለሽ በጭቃ ብትደፍኚው በማግስቱ ፀጥ ይላል።

ነርስ ከመናኸሪያ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡45

ወንድሜ ይህን ምክር እባክህ አንሳው። ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። የአየር እርጥበት ሲነካው ያንኑ ፎስፊን ጋዝ ይለቃል፣ ጋዙም በግድግዳ ስንጥቅ አልፎ ወደ መኝታ ቤት ይገባል። ከአየር ትንሽ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። ሕፃኗ የምትተኛው ደግሞ ታች ነው። ጭቃ ቤት ውስጥ ይህን ማድረግ ቤተሰብ ያጠፋል።

እህል ነጋዴ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡05

እውነትሽን ነው። መጋዘን ውስጥ ሰው አይተኛም፣ እኛም ዘግተን ነው የምንወጣው። ያንን አላሰብኩትም። እህቴ የጻፍኩትን እርሺው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

በምትኩ ከሥራዬ የማውቀውን ልጨምር። ጤፍሽንና ዱቄትሽን በጆንያ መሬት ላይ አታስቀምጪ። ክዳኑ የሚጠብቅ የብረት በርሜል ይሻላል፣ ባልዲም ቢሆን ወፍራም ይሁን፤ ስስ ፕላስቲክ ጠርዙን ይዞ ይበላዋል። ጥርሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ማደጉን አያቆምም፣ ስለዚህ ባይርበው እንኳ ሲፈገፍግ ነው የሚያድረው። ጆንያ የግድ ከሆነ ከግድግዳው ራቅ አድርገሽ ርብራብ ላይ አስቀምጪው፣ ከኋላው መጥረግ እንድትችዪ።

ግንበኛው
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡30

አላሙራ አካባቢ ነኝ፣ ሥራዬ ግንበኝነት ነው። እንደናንተ ያለ ቤት ብዙ ጠግኛለሁ። ሰው ሁሉ ወለሉን ይደፍናል፣ የቆርቆሮውን ጫፍ ግን ማንም አያየውም። ቆርቆሮው ሞገድ ስለሆነ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት በእያንዳንዱ ሞገድ ሥር ክፍተት አለ። አይጥ በሱ ነው ኮርኒስ የሚገባው። መሰላል ተዋሺና እዩት። ሁለተኛው የመብራት ገመድ ከፖል የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ሦስተኛው የውሃ ቱቦ ግድግዳ የሚበሳበት።

እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ትንሿን አይጥ ያስገባል፣ አውራ ጣት የሚያስገባው ደግሞ ትልቁን። በጭቃ ብቻ ብትደፍኑት በአንድ ሌሊት ይቆፍረዋል። መጀመሪያ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቁበት፣ ከዚያ አሸዋና ሲሚንቶ ይምጣበት። ለቆርቆሮው ሞገድ ደቃቅ ቀዳዳ ያለው የወንፊት ሽቦ ቆርጦ መምታት ነው። በሩ ሥር ክፍተት ካለ ላሜራ ይመታበት።

ግን አንድ ነገር። ውስጥ እያለ ሁሉንም ከዘጋችሁት ኮርኒስ ውስጥ ይሞትና ሽታው ለሳምንታት ያስቸግራችኋል፣ ወይ ማዳበሪያውን ቀዶ ወደ ቤት ይወርዳል። ዋናውን መግቢያ ትታችሁ ሌላውን ዝጉ፣ ወጥመድ አድርጉ፣ ድምፁ ሲጠፋ የመጨረሻውን ድፈኑ።

አባባ ጡረተኛ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡10

ልጄ፣ አይዞሽ። እኛ ልጆች ሆነን ቤቱ ሁሉ ሣር ክዳን ነበር፣ አይጥ አብሮን ነበር የሚኖረው። እናቴ እህሉን በጎተራ አድርጋ ክዳኑን በእበት ትመርገው ነበር። አከራይሽ ድመት ማለታቸው መጥፎ ምክር አይደለም፣ ድመት ያለበት ቤት አይጥ ተዝናንቶ አይኖርም። ነገር ግን ድመትና መርዝ አንድ ላይ አይሆንም። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ የኖረች ድመት ነበረችኝ። ጎረቤት መርዝ አደረገ፣ አይጧ በልታ እየተንገዳገደች እኔ ግቢ መጣች፣ ድመቴም በላቻት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባል የለ። አሁንም በማታ በሩን ስዘጋ ቆም ብዬ እጠብቃታለሁ።

ታቦር ስር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡40

አባባ፣ እግዜር ያጽናዎት። ያሉት ልክ ነው። ድመት ትንሿን አይጥና የትልቁን ግልገል ትይዛለች፣ ያደገውን ትልቅ አይጥ ግን አብዛኞቹ ድመቶች አይደፍሩትም። ስለዚህ ድመት ታግዛለች፣ ብቻዋን ግን አትጨርሰውም።

የሕፃኗ እናት
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዱቄት ነሰነስኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። እግሩ መደርደሪያው ላይ ዳር ከዳር አለ፣ መሃሉ ላይ የጅራቱ መስመር። የመጣው በኮርኒሱ ጥግ ነው፣ እዚያ ማዳበሪያው ተቀዷል፣ ግድግዳውም የባዮሎጂ መምህሩ ወንድማችን እንዳለው በቅባት ጠቁሯል። ከዚህ በፊት በቀን መቶ ጊዜ እያየሁት ቆሻሻ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ባለቤቴም ይህን ሁሉ አነበበ። መርዙ ተቆልፎበታል። ዛሬ ወጥመድ ሊገዛ ነው፣ የትኛውን? ሙጫውንስ?

ሐይቅ ዳር
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡25

ሙጫውን ተዉት። ሕፃን ያለበት ቤት ወለል ላይ ሙጫ አይቀመጥም፣ አይጡም ሳይሞት ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድራል፣ ያንን መስማት ይከብዳል። በስፕሪንግ የሚመታውን ግዙ፣ ትልቁን መጠን፣ የትንሿን አይጥ አይደለም። አንድ ሳይሆን አምስት ስድስት ግዙ።

እኔ ዓሣ ነው የምሸጠው፣ አይጥ ምን እንደሚወድ አውቃለሁ። የተጠበሰ የቆሮሶ ዓሣ ራስ ቁራጭ በክር እሰሩበት፣ ካልታሰረ ጎትቶ ይዞት ይሄዳል። የኦቾሎኒ ቅቤም ጥሩ ነው። ወጥመዱ ከግድግዳው ጋር ይግጠም፣ ምግብ ያለበት ጫፍ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ምክንያቱም የሚሄደው ግድግዳ ታክኮ ነው። ልጅቷ የማትደርስበት ኮርኒሱና መደርደሪያው ላይ ብቻ አድርጉ፣ ጠዋት ከመነሳቷ በፊት ይነሳ።

እኛ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የዓሣ አንጀትና ራስ ስንጥል አባ ኮዳው፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ ይጨርሰዋል። ሰፈር ውስጥ ግን የሚበላው አይጥ ነው። የዓሣ አጥንት ማታ ቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ክፍት አታሳድሩ።

የሕፃኗ እናት
እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡50

ሁለት ሌሊት ምንም አልያዘም። ወጥመዱን አልፎ ሄዷል፣ ዱቄቱ ላይ ይታያል። ዞሮት ነው የሄደው! ባለቤቴ ተስፋ ቆረጠ።

ታቦር ስር
እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ተስፋ አትቁረጡ። ትልቁ አይጥ አዲስ ነገር ይፈራል፣ ትንሿ አይጥ ግን በተቃራኒው አዲስ ነገር ለማየት ትመጣለች። ለዚህ ነው መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ እንለይ ያልኩት። ወጥመዱን ሳታጠምዱት ምግቡን ብቻ አድርጋችሁ ሦስት አራት ሌሊት ተዉት። በልቶ ይልመድ። ምግቡ በየጠዋቱ እየጠፋ ሲሄድ አንድ ማታ ሁሉንም በአንዴ አጥምዷቸው።

ድምፅ አባራሪ የገዛች
እሑድ፣ ከቀኑ 8፡15

እኔም ልጠይቅ። ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሰው በማይሰማው ድምፅ አይጥ የሚያባርረውን ዕቃ ገዝቼ ሁለት ወር ሰካሁት። መጀመሪያ የቀነሰ መሰለኝ፣ አሁን ግን ዕቃው ሥር ሳይቀር ኩስ አገኘሁ። ተበላሽቶብኝ ነው?

ታቦር ስር
እሑድ፣ ከቀኑ 8፡50

አልተበላሸም እህቴ። ድምፁ ግድግዳና ዕቃ አያልፍም፣ አይጡም ቶሎ ይለምደዋል። ሲሞከር ይህ ነው ውጤቱ። ገንዘብሽን ለሲሚንቶና ለወንፊት ሽቦ አውዪው። ናፍታሊንም የሚያደርጉ አሉ፣ እሱ አይጥ አያባርርም፣ ሕፃን ከዋጠው ደግሞ መርዝ ነው።

የሁላ ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡30

የኔ ትንሽ ከርዕሱ ይወጣል ይቅርታ። ሀዋሳ ነው የምኖረው፣ የአባቴ እርሻ ግን ሁላ ወረዳ ነው። እንሰቱን ከሥሩ የሚበላው ፍልፈል እዚህ ከተማ ካለው አይጥ ጋር አንድ ነው? አባቴ ደጋግመው መርዝ ግዛልኝ ይሉኛል።

ታቦር ስር
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡10

አንድ አይደለም ወንድሜ። ፍልፈል ከመሬት ሥር ነው የሚኖረው፣ አፈር እየገፋ ክምር ያወጣል፣ ወደ ቤት አይገባም። የእንሰቱን አምቾ ከሥር ሲጨርሰው ተክሉ ድንገት ይወድቃል። መርዝ እንሰት ሥር ማድረግ ያስፈራኛል፣ ቆጮ ሆኖ የሚበላ ነገር ነው። የአካባቢው ሽማግሌዎች ጉድጓዱን ከፍተው በተጎበጠ እንጨትና በገመድ ወጥመድ ሲይዙት አይቻለሁ፣ አባትህ ሳያውቁት አይቀሩም። እነሱን ጠይቅ።

የሕፃኗ እናት
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ያዝን! በአንድ ሌሊት ሦስት። አምስት ሌሊት በላ፣ ስድስተኛው ላይ ሁሉንም አጠመድናቸው። ሁለት ትልልቅ፣ አንድ መለስተኛ፣ ጅራታቸው በጣም ረጅም ነው። ባለቤቴ ኮርኒሱን ከፍቶ ሲያይ የመብራቱ ገመድ ፕላስቲኩ ተልጦ ሽቦው ይታያል። ኮንታክት ፈጥሮ ተኝተን ቤቱ ቢቃጠልስ? ቆጣሪውን አጥፍተን ኤሌክትሪሺያን ጠርተናል። እባካችሁ እናንተም ኮርኒሳችሁን እዩ።

አሁን ላይ ያለውን ኩስ እንዴት ላጽዳ? ብዙ ነው። ልጠርገው?

ነርስ ከመናኸሪያ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡45

አትጥረጊው! ደረቁን ስትጠርጊው ይበናል፣ ትተነፍሺዋለሽ። ልጅቷን ወደ ጎረቤት ላኪያት፣ በርና መስኮት ከፍተሽ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጪ፣ ጓንትና ማስክ አድርጊ፣ ኩሱንና ሽንቱን በደንብ አርጥቢውና አምስት ደቂቃ ተዪው፣ ከዚያ በጨርቅ አንሺው። ጨርቁን በፌስታል ቋጥረሽ ጣይው። የሞቱትንም በባዶ እጅ አትንኩ፣ ላያቸው ላይ ቁንጫ ይኖራል። የተበላውን ሽሮ ሙሉውን ጣይው፣ ከላይ ከላይ ገፍፌ ልጠቀም እንዳትዪ። በኩሱ ሳልሞኔላ፣ በሽንቱ ደግሞ ሌፕቶስፒሮሲስ የሚባል በሽታ ይተላለፋል። መደርደሪያውን፣ ድስቱን፣ ማንኪያውን ሁሉ እጠቢ። ኮርኒሱ ላይ ሽቦው እስኪሠራ ድረስ እርጥብ ነገር ይዘሽ እንዳትጠጊ።

ግንበኛው
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡40

ጥሩ ነው። ወጥመዱን ግን አታንሱ፣ ሦስት ከያዘ ሌላም አለ። አንድ ያልጠየቅኳችሁ ነገር፣ ቆርቆሮው ላይ የተኛ ዛፍ አለ?

የሕፃኗ እናት
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7፡05

አለ። የአከራያችን አቮካዶ ነው፣ አንድ ትልቅ ቅርንጫፉ ጣሪያችን ላይ ተንተርሷል። ሲነፍስ ቆርቆሮውን ይፈገፍጋል።

ግንበኛው
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7፡30

መንገዱ ያ ነው። ጥቁሩ አይጥ በቅርንጫፍ ነው ጣሪያ የሚወጣው፣ የወደቀውን አቮካዶም ይበላል። ቅርንጫፉ ከጣሪያው ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ። ያ ካልሆነ እኔ ያልኳችሁን ሲሚንቶ ሁሉ ብትሠሩም ሌላ ቀዳዳ ይፈልጋል።

የሕፃኗ እናት
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡15

እትዬ ዛፉን በጣም ነው የሚወዱት፣ ሟች ባለቤታቸው ናቸው የተከሉት። እንዴት ብዬ ነው ይቆረጥ የምላቸው? በዚያ ላይ ተከራይ ነኝ።

አባባ ጡረተኛ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡50

ልጄ፣ ዛፉ ይቆረጥ አትበያቸው። ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸው፣ የተላጠውን ገመድ አሳዪያቸው፣ ቤቱ የሳቸው ነው፣ ቢቃጠል የሚያጡት እሳቸው ናቸው። ከዚያ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ እንደሆነ ንገሪያቸው። የወደቀውን አቮካዶ በየጠዋቱ እኔ እለቅማለሁ በያቸው። ባልቴት ሴት በአክብሮት የለመናትን አታሳፍርም።

የሕፃኗ እናት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

አባባ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። ገመዱን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ተነስተው ሄደው ዛፉን ነካ አድርገው መጡና የትኛው ቅርንጫፍ ነው አሉኝ። ዛሬ ጠዋት የወንድማቸው ልጅ ቆረጠው፣ እሳቸው ከሥር ቆመው ከዚህ አትለፍ፣ ከዚህ አትለፍ እያሉ። የወንፊት ሽቦውን እሳቸው ገዝተዋል፣ ሲሚንቶውን እኛ። ግንበኛው ወንድማችን ባሳየን መሠረት የቆርቆሮው ጫፍ ሁሉ ተመትቷል፣ የገመዱ ቀዳዳም ተደፍኗል፣ የኮርኒሱ ጥግ ብቻ ወጥመድ ተደርጎበት ክፍት ነው። ከቅዳሜ ወዲህ አንድ ተጨማሪ ያዝን። ሁለት ሌሊት ዱቄቱ ላይ ምንም የለም።

ጥጉን መቼ ልድፈነው?

ግንበኛው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡55

ገና ነው። ዱቄቱ ሳምንት ሙሉ ንጹሕ ሆኖ ካደረ በኋላ ድፈኑት። እሑድ ሥራ የለኝም፣ መሰላሌን ይዤ መጥቼ እሠራላችኋለሁ። ሽቦ ከተረፋችሁ አስቀምጡልኝ፣ የአከራያችሁን ማድቤት ጫፍም በሱ እንመታዋለን፣ ግድግዳው ከናንተ ጋር አንድ ነው።